ኧርሊ ዲሲዥን፣ ኧርሊ አክሽን ወይስ ሬጉላር? ልጅዎ በየትኛው በር ያመልክት

አሜሪካ ውስጥ 12ኛ ክፍል የገባ ልጅ ባለበት ቤት መስከረም ሲጠባ የሚነሳው ጥያቄ «የት የት ታመለክታለህ?» ነው። ከዚያ የማይተናነስ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ «በየትኛው መንገድ?» የሚለው። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሃርቫርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ኤምአይቲ እና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አራቱም ቀድሞ ለሚያመለክት ተማሪ ኖቬምበር 1ን ቀን ቆርጠዋል። ቀኑ አንድ ነው፤ ውሉ ግን የየራሱ ነው። አንዱ (ኧርሊ ዲሲዥን) ከተቀበለዎት ሌላውን ሁሉ ትተው ይምጡ ይላል። ሌላው (ኧርሊ አክሽን) እስከ ሜይ አስቡበት ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አያስርም፣ ነገር ግን ሌላ የግል ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ማንኳኳትን ይከለክላል።

ይህን ምርጫ ሰው የስምና የክብር ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። በእርግጥ የገንዘብ ውሳኔ ነው፤ ስለዚህም ከጠቅላላው ሂደት የወላጅ እጅ በጣም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ድርሰቱን ልጁ ይጽፋል። ሒሳቡን ወላጅ ካልሠራው ግን ማንም አይሠራለትም።

በኦገስት የሚሠራ ሒሳብ

የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል ማንኛውም ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የቅርብ ዓመት የታክስ ወረቀትዎን ይዘው ከልጅዎ ጋር ይቀመጡ፤ በአንድ ኮሌጅ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የአምስት ወይም የስድስት ኮሌጅ ውጤት በአንድ ወረቀት ይያዝ። የሚፈለገው ከእርዳታ በኋላ ከኪስ የሚወጣው ዓመታዊ ገንዘብ ነው። የተለጠፈው ዋጋ አያስደንግጥ፤ በብዙዎቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ90 ሺህ ዶላር ያለፈ ነው፣ የሚከፈለው ግን እንደየቤቱ ገቢ ይለያያል። ሃርቫርድ ከ2025 ጀምሮ ገቢው እስከ 100 ሺህ ዶላር የሆነ ቤተሰብን ምንም አያስከፍልም፣ እስከ 200 ሺህ ለሚያገኝ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። ኤምአይቲም በዚያው መስመር ይሄዳል። ፕሪንስተን ከፍ ይላል፤ አብዛኛው እስከ 150 ሺህ የሚያገኝ ቤተሰብ ምንም አይከፍልም፣ እስከ 250 ሺህ የሚያገኘው ደግሞ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። «የትምህርት ክፍያ ነፃ» ማለት ግን ነፃ ማለት አይደለም። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉና ጉዞው ብቻውን በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር ይበልጣል።

እነዚህ ገደቦች ሁሉ «የተለመደ ንብረት ላለው ቤተሰብ» የሚል ማሰሪያ አላቸው። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካልኩሌተሩ ደመወዝተኛ ለሆነ፣ አንድ ቤት ብቻ ላለው፣ አብረው ለሚኖሩ ወላጆች ጥሩ ይገምታል። ኡበር ለሚነዳ፣ ሱቅ ላለው፣ ሁለተኛ ቤት ለሚያከራይ ወይም ለተፋቱ ወላጆች ግን ከሺዎች በሚቆጠር ዶላር ሊስት ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አባት በ2025 ከኡበር 68 ሺህ ዶላር አስገባ፣ 40 ሺህ ማይል ነዳ። ታክስ ላይ በማይል 70 ሳንቲም ሲቀነስለት 28 ሺህ ይወጣና የተጣራ ገቢው 40 ሺህ ይሆናል። ካልኩሌተሩ ይህን 40 ሺህ ተቀብሎ ደስ የሚል ቁጥር ያወጣል። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (ከፌዴራሉ ቅጽ ይበልጥ ዝርዝር የሆነ የእርዳታ መጠየቂያ) የሚጠቀም ኮሌጅ ግን «ስኬጁል ሲ» የተባለውን የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚያሳይ የታክስ ቅጽ አስቀርቦ ያያል። ከ28 ሺው ውስጥ ከፊሉ የመኪናው ዋጋ መቀነስ እንጂ ከኪስ የወጣ ብር አይደለም ብሎ መልሶ ገቢ ላይ የሚደምር አለ። የሚያከራዩት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ታክስ ላይ ኪሳራ ያሳየው ኮሌጁ ዘንድ ትርፍ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ቤት ወይም ቦታም ንብረት ነው፤ ፋፍሳም (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻው) ሆነ ሲኤስኤስ ከመኖሪያ ቤት ውጪ ያለውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ይጠይቃሉ፣ «አገር ቤት ነው» ብሎ መተው አያዋጣም። እንዲህ ያለ ሁኔታ ያለው ቤተሰብ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው በሴፕቴምበር ይደውል፤ ቁጥሮቹን አስቀምጦ «እንዲህ ያለውን ገቢ እንዴት ነው የምታዩት?» ብሎ ይጠይቅ። መደወሉ በልጁ ማመልከቻ ላይ ጉዳት የለውም።

ኧርሊ ዲሲዥን፦ የሚያስረው

ኮሎምቢያ፣ ፔን፣ ኮርኔል፣ ብራውን፣ ዳርትመዝ፣ ዱክ፣ ኖርዝዌስተርን ይህን ይጠቀማሉ። ልጁ፣ ወላጅና የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ሦስቱም ይፈርማሉ። በዚህ መንገድ ማመልከት የሚቻለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል፤ ከተቀበሉት ሌሎቹ ማመልከቻዎች ሁሉ ይሰረዛሉ።

ዩኒቨርሲቲው የሚወድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የተቀበለው ልጅ መምጣቱን ያውቃል። በዚህ የተነሳ የመቀበያው መጠን ከሬጉላሩ፣ ማለትም በጃንዋሪ ከሚገባው መደበኛ ማመልከቻ፣ ከፍ ይላል። «ዕድሉ እጥፍ ነው» የሚለውን ወሬ ግን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። በዚያው ቁጥር ውስጥ በአሠልጣኝ የተመለመሉ ስፖርተኞችና፣ ይህን አሁንም በሚያይ ትምህርት ቤት፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች አሉ። እነሱ ሲወጡ ልዩነቱ ይጠባል፣ አይጠፋም። ደካማውን ማመልከቻ አያስገባም፤ ሊገባም ላይገባም የሚችለውን ግን ሊገፋው ይችላል።

ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፤ የሌላ ኮሌጅ ደብዳቤ አስቀምጦ ማወዳደር የለም። የሚመጣው የገንዘብ ድጋፍ አንድ ብቻ ነው። ውሉ ላይ የወጪ በር አለ፤ የተሰጠው ድጋፍ ለመማር የማያስችል ከሆነ ተማሪው ሊለቀቅ ይችላል። ስለዚህ በር ሁለት የተሳሳተ ወሬ ይናፈሳል። አንዱ «ከፈረምክ ዕዳ ገባህ» ይላል፤ ሌላው «ዝም ብለህ ፈርም፣ ካልተመቸህ ትወጣለህ» ይላል። ያለ ገንዘብ ምክንያት ውል ያፈረሰ ልጅ ሌሎች ኮሌጆችም ሊተዉት ይችላሉ። ከእሱ በኋላ ከዚያው ትምህርት ቤት ለሚያመለክቱትም የካውንስለሩ ቃል ይቀላል። በገንዘብ ምክንያት የሚወጣም ቢሆን ሥርዓት አለው፦ በዚያው ሳምንት ቢሮውን ማነጋገር፣ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ካልሆነ በጽሑፍ መለቀቅ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ የፈረንጆቹ ገና ደርሷል፤ የሬጉላሩ ቀን ደግሞ ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ በኧርሊ ዲሲዥን ያመለከተ ልጅ ቢያንስ አራት ሌላ ማመልከቻ ለታንክስጊቪንግ ጨርሶ ማስቀመጥ አለበት። ዲሴምበር 15 ላይ «አልተቀበልንህም» የሚል ደብዳቤ ያነበበ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ድርሰት ይጽፋል ማለት ዘበት ነው።

ይህ መንገድ የሚሆነው የካልኩሌተሩ ቁጥር ለቤቱ የሚቻል ሲሆን፣ ገቢው ለመገመት የማያስቸግር ሲሆን፣ ልጁም ማንም ሳይገፋው አንድ ቦታ ብቻ የሚል ሲሆን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አንመክርም።

ሁለተኛ ዙርም አለ። ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ቺካጎ፣ ቫንደርቢልት፣ ኤሞሪና ተፍትስ በጃንዋሪ መጀመሪያ የሚያስር ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ መልሱ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። ዲሴምበር ላይ ያልቀናው ልጅ ሁለተኛ ምርጫው በእርግጥ ሁለተኛው ከሆነ ጥሩ ነው። በብስጭት ግን አይፈረም።

የማያስረው ግን የሚከለክለው

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ የሚከተሉት ይህን ነው፤ ስሙ እንደየዩኒቨርሲቲው «ሪስትሪክቲቭ» ወይም «ሲንግል ቾይስ» ኧርሊ አክሽን ይባላል። መልስ በዲሴምበር ይመጣል፣ ውሳኔው እስከ ሜይ 1 በልጁ እጅ ይቆያል። ክልከላው በሌሎች የግል ዩኒቨርሲቲዎች ቀድሞ ማመልከት ላይ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማያስር ኧርሊ አክሽን ግን ይፈቀዳል። ይህች ቀዳዳ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖር ቤተሰብ ወርቅ ናት፦ ኖቬምበር 1 ላይ አንዱ ለዬል፣ አንዱ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ። ዬልን ከመረጠ ኤምአይቲን ቀድሞ መጨመር ግን አይቻልም፤ በየዓመቱ ሳያውቁ ሁለቱንም የሚልኩ አሉ።

ነፃው ኧርሊ አክሽን

ኤምአይቲ አያስርም፣ ሌላውንም አይከለክልም። የጆርጅታውን ኧርሊ አክሽን አያስርም፣ ግን ሌላ ቦታ በሚያስር መንገድ ያመለከተን አይቀበልም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው መጠቀስ አለበት፤ እዚያ ኖቬምበር 1 «ቅድሚያ» ተብሎ ቢጻፍም ዋናው ቀን ነው ብለው ይያዙት። ለኦነርስ ኮሌጅ (ለጎበዝ ተማሪዎች ለተለየው ፕሮግራም) እና ለውጤት ስኮላርሺፕ በቅድሚያ የሚታየው በዚያ ቀን ያስገባ ነው። «የቅርባችን ነው፣ በጃንዋሪ እንልካለን» ማለት በጣም የሚያስቆጭ ስህተት ነው።

ገንዘብ የሚያወዳድር ቤተሰብ አንድ ነገር ይያዝ። የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚሰጡት በችግር ልክ ነው። ገቢው ከፍ ብሎ እርዳታ የማይደርሰው፣ 90 ሺህ ግን የማይወጣለት መካከለኛ ቤተሰብ የውጤት ስኮላርሺፕ የሚያገኘው በሌሎቹ ነው።

ሬጉላር

ጃንዋሪ መጀመሪያ ይገባል፣ ማርች መጨረሻ መልስ ይመጣል። ያለው ጥቅም ሁለት ነው። የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤት ይታያል፤ 11ኛ ክፍል ላይ ተንሸራቶ ለተነሳ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ደብዳቤዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቶ ከሆነ ያንን አያይዞ እንደገና እዩልኝ ማለት ይቻላል፣ የሚያሻሽሉም አሉ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ የዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ማመልከቻ ቅድሚያ የሚባል ነገር የለውም፤ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ይላካል፣ የሚዘጋው በኖቬምበር መጨረሻ ነው። ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ጭራሽ አያዩም።

ኩዌስትብሪጅ፦ ከሁሉም የሚቀድመው

የአራት ሰው ቤተሰብ ሆኖ ገቢው በዓመት ከ65 ሺህ ዶላር በታች ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ ይቆይና ይህ ይታይ። ኩዌስትብሪጅ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪዎችን ከኮሌጆች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ነው፤ ፕሮግራሙ «ናሽናል ኮሌጅ ማች» ይባላል፣ ማመልከቻው ነፃ ነው፣ የሚዘጋው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ለመጨረሻ ዙር ያለፈው ልጅ በኦክቶበር ይነገረዋል፣ እስከ 15 ኮሌጅ በቅደም ተከተል ይደረድራል፣ ዲሴምበር 1 ላይ ከአንዱ ጋር ከተገጣጠመ የአራት ዓመት ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል፤ ማደሪያና ምግብ ጭምር። አብዛኞቹ ኮሌጆች በዚህ መንገድ የሚያስሩ ናቸው፤ ኤምአይቲ፣ ፕሪንስተን፣ ስታንፎርድና ዬል ግን አያስሩም። አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ዜግነትም ግሪንካርድም ባይኖረው ማመልከት ይችላል። ችግሩ ጊዜው ነው፤ ትምህርት ቤት በተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ ድርሰት፣ ምክር ደብዳቤና የገቢ ማስረጃ ሁሉ መድረስ አለበት። ስለዚህ ሥራው ጁን ላይ ካልተጀመረ አይደርስም።

ሦስት ቤቶች

የአራት ሰው ቤተሰብ፣ ገቢ 55 ሺህ፦ ኩዌስትብሪጅ። በኦክቶበር ካላለፈ ኖቬምበር 1 አልመሸም፤ የማያስር ኧርሊ አክሽን ይላካል።

እናት ነርስ፣ አባት ኡበር፣ አንድ ላይ 140 ሺህ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያከራዩት ሁለተኛ ቤት፦ ሪስትሪክቲቭ ኧርሊ አክሽን ለአንዱ፣ ሜሪላንድ ከጎኑ፣ የቀረው በሬጉላር። የሚያከራዩት ቤት ሒሳቡን ስለሚያምታታ የሚያስር ውል አይፈረም።

ገቢ 260 ሺህ፣ እርዳታ የማይጠበቅ፦ ሙሉውን ክፍያ ለመክፈል ባልና ሚስት ተስማምተው ከሆነ ኧርሊ ዲሲዥን ምንም አይል። «ከገባ በኋላ እግዜር ያውቃል» የሚል ቤት ግን አይፈርም።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያመለክት ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። የውጭ አገር ተማሪን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ የሚቀበሉ ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከነሱ ውስጥ ናቸው። በሌሎቹ እርዳታ መጠየቁ ራሱ ውሳኔው ላይ ይገባል። ቢሆንም ጥያቄውን ማዘግየት አይበጅም፤ መጀመሪያ ላይ ያልጠየቀን በኋላ የማይረዱ ብዙ ናቸው።

የሚያበላሹ ጥቃቅን ነገሮች

ስም። ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፣ አባት በአያቱ፣ እናት በራሷ አባት፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ «ላስት ኔም»። ለፋፍሳ የሚከፈተው አካውንት ላይ ስምና የልደት ቀን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መግባት አለበት፤ ካርዱ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ከሆነ ከነስህተቱ ይጻፍ፣ ወይም አስቀድሞ ካርዱ ይታረም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል፣ ማንነቱን ማረጋገጥ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ወደ ኮሌጅ በሚላክ የታክስ ወረቀት ሁሉ ላይ የልጁ ስም ይጻፍበት፣ የአጠራራችን ልማድም በሁለት መስመር ይብራራ።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል። ፋፍሳ ብቻ ሞልቶ ጨረስኩ የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ትልልቆቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱንም ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ኦክቶበር 1 ይከፈታሉ። ገቢው እስከ 100 ሺህ ለሆነ ሲኤስኤስ ነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር። ወላጆች ተፋተው ወይም ተለያይተው ከሆነ ብዙዎቹ ኮሌጆች ከሁለቱም ወገን ይፈልጋሉ። አባት አገር ቤት ሆኖ ግንኙነት ከሌለ የእሱ ወገን እንዲታለፍ ለየኮሌጁ ጥያቄ ይቀርባል፤ ካውንስለር ወይም ቄስ የሚጽፈው ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። ለአያት በየወሩ የሚላክ ገንዘብ ካለ በማብራሪያው ቦታ ላይ መጠኑ ይጻፍ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። የመቁጠር ግዴታ የለባቸውም፣ የሚያስቡ ግን አሉ።

ፈተና። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ብራውን፣ ዳርትመዝ፣ ኤምአይቲና ስታንፎርድ የፈተና ውጤት መጠየቅ ጀምረዋል። ቀድሞ ለሚያመለክት የኦክቶበሩ ኤስኤቲ የመጨረሻው እንደሆነ ይቆጠር።

ሰዓት። የኮመን አፕ (ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ቅጽ) ማመልከቻ የሚዘጋው ከሌሊቱ 11፡59 ነው ሲሉ በሐበሻ አቆጣጠር 5፡59 ማለት ነው፤ የሚቆጠረው ተማሪው ባለበት ከተማ ሰዓት ነው። የካውንስለሩ ቀን ግን ይቀድማል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለኖቬምበር 1 የሚላክ ትራንስክሪፕት በኦክቶበር መጀመሪያ ይጠይቃሉ።

የወላጅ እጅ የት ይቁም

650 ቃል የሚሆነውን ዋና ድርሰት አይንኩ። ከሐበሻ ቤት የሚወጣ የተለመደ ስህተት የአባት የስደት ታሪክ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ሱዳን፣ ካምፕ፣ አሜሪካ፣ ሁለት ሥራ፣ በመጨረሻም «ስለዚህ እጥራለሁ»። አንባቢው አባቱን ያደንቃል፣ ልጁን ግን አላገኘውም። ቢያስፈልግ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ወላጅ በእርግጥ የሚረዳው ልጁ ከክፍል ውጪ የሚሠራቸው ነገሮች ዝርዝር ላይ ነው። ኮመን አፕ አሥር ቦታ ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ 150 ፊደል። «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ዘርፍ አለው፣ ልጆቻችን ግን ባዶ ይተዉታል፤ «ይሄማ የቤት ሥራ ነው» ይላሉ። «ቤተሰቤን እረዳለሁ» ተብሎ የተጻፈ ምንም አይናገርም። «ሁለት ታናናሾቼን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፣ እራት አበላለሁ፣ የቤት ሥራ አሠራለሁ፤ ለአያቴ ሐኪም ቤት አስተረጉማለሁ» ተብሎ ከጎኑ በሳምንት 15 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ሲገባበት ግን አንባቢው ልጁ የክርክር ክለብ ያልገባበትን ምክንያት ይረዳል። ሰዓቱን በትክክል የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ቁጭ ብለው አብረው ይቁጠሩ።

ደብዳቤዎቹ ሲመጡ

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ብድርም ስጦታም አንድ ላይ ይደመራል። አንዱ ኮሌጅ 92 ሺህ ዋጋ አለው እንበል፦ ስጦታ 70 ሺህ፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ ወርክ ስተዲ 3 ሺህ፣ ፓረንት ፕላስ 13,500፤ የቀረ ክፍያ «ዜሮ» ይላል። ሌላው 33 ሺህ ዋጋ አለው፦ ስጦታ 14 ሺህ፣ የተማሪ ብድር 5,500፤ የቀረ 13,500 ይላል። ዜሮው የረከሰ ይመስላል። ከዋጋው ላይ ስጦታውን ብቻ ሲቀንሱ ግን የመጀመሪያው 22 ሺህ፣ ሁለተኛው 19 ሺህ ነው። ፓረንት ፕላስ በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ነው፤ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ የሚል ጣሪያ ተደርጎበታል። ወርክ ስተዲ ደግሞ ልጁ ሠርቶ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀበለው ደመወዝ እንጂ ከቢሉ ላይ የሚቀነስ አይደለም። ቦታ ማስያዣው የሚከፈለው እስከ ሜይ 1፣ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ በዚያው ዕለት «አልመጣም» ብሎ ማሳወቅ የልጁ ሥራ ነው።